ለታማሚው እንዳትነግሩት

ጠላቶቼ ይቅርታ ሊጠይቁኝ መምጣት ሲጀምሩ አንድ ነገር መኖሩን መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርኩም። ሕመም ሰውን ብልህ ያደርገዋል የሚሉ አሉ፤ እኔን አደንዝዞኝ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ቢቸና አብሮኝ የሚያስተምር የሒሳብ መምህር ነው። ጋዜጣ ላይ በጻፍኩት አንድ መጣጥፍ ተቀይሞኝ፣ በአንድ በር እየገባን ለዓመታት ሳንነጋገር ኖረናል። ከኦፕራሲዮን ወጥቼ ቤቴ ተኝቼ ሳለ እንቁላል በፌስታል ይዞ መጣ።

"ይቅር በለኝ" አለኝ፣ ቆሞ።

"ምን አድርገኸኝ ነው?"

"ባደርግህም ባላደርግህም።"

እንቁላሉን መደቡ ላይ አስቀምጦ ዓይኑን እየጠራረገ ወጣ። ከእሱ በኋላ የድንበር ጎረቤቴ መጣ፤ አጥሬን የገፋው ሰውዬ። ከዚያ ደግሞ አንዲት የባለቤቴ ዘመድ፤ በሠርጌ ዕለት "ይህ ሰው አያዋጣሽም" ያለቻት። በእኛ አገር ሰው እንዲህ ዞሮ ይቅርታ የሚለምነው ሊቆርብ ሲል ነው፤ ወይም የሚለመነው ሰው ከተኛበት የማይነሳ ሲሆን። ሦስቱም የሚቆርቡ አይደሉም። እኔ ግን ጽሑፎቼ በመጨረሻ ሰው መለወጥ ጀመሩ ብዬ ተኩራራሁ።

ከሥሩ ልጀምር። ነገሩ የጀመረው በፊቴ ነው። መልኬ ቀይ ስለሆነ የሚሆነው ሁሉ አደባባይ ይወጣል። ሰንበቴ ላይ ሁለት ጉንጭ ጠላ ስቀምስ ከደረቴ ተነስቶ ሽቅብ የሚወጣ እሳት ይለበልበኛል፤ ፊቴ ድልህ ይመስላል፤ ልቤ ይደልቃል። ጥቂት ቆይቶ ሆዴ ይላወስና ወደ ጓሮ እሮጣለሁ። ከዚያ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። እየቆየ ጠላም አላስፈለገውም፤ አይብ ከበላሁ ይመጣል፣ ከተናደድኩም ይመጣል። እኔ ደግሞ የማልናደድበት ቀን የለም።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮው አስጠራኝና በሩን ዘጋ።

"መምህር፣ ጠዋት ጠዋት እንኳ ቢተዉት ምናለበት?"

"ምኑን?"

"አረቄውን።"

"ቀምሼ አላውቅም።"

"ፊትዎ ይናገራላ!"

ሕክምናውስ? ከክሊኒክ ክሊኒክ የዞርኩበትን ወጪ አልዘረዝርም፤ የከፈለ ያውቀዋል። ደም የሰጠ ሰው ሁለት ስም ተሸክሞ ይወጣል፤ ታይፎይድና ታይፈስ። መንታ ናቸው፤ ተለያይተው አያውቁም። ሰገራ የሰጠ ደግሞ አሜባ ይጨመርለታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልያዘኝ ተሕዋስ አልነበረም፤ ያልዋጥኩት ክኒንም የለም። ተሕዋሱ ሲያልቅባቸው ጨጓራ አሉኝ። ጨጓራውም ሲሰለቻቸው አንዱ ባለሙያ መነጽሬን አየት አድርጎ፣ "መጽሐፍ ያበዛሉ አሉ፤ የነርቭ ነው፤ ንባብ ይቀንሱ" አለኝ። ንባብ ተቅማጥ እንደሚያመጣ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። የተናገርኩትን ምልክት አንዱም አልጻፈውም። ፊቴ እንደሚቀላ ስነግራቸው ፈገግ ይላሉ፤ እነሱም እንደ ርዕሰ መምህሩ አረቄው ትዝ ይላቸዋል። ተረጋግቶ የሚናገር ታማሚ አይታመንም፤ የሚጮኸው ነው ቀድሞ የሚታይለት።

አንድ የገበያ ቀን ሆዴ ተነፍቶ ከበሮ ሆነ። ትውከቱ አላቆም ሲል ወደ ባሕር ዳር ጫኑኝ፤ መንገዳችን በሞጣ ስለሆነ ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን እዚያ ተሳፈረ። ሙሉቀን ሞጣ ውስጥ እህል ነጋዴ ነው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ አባት የሆነኝ እሱ ስለሆነ "ጋሼ" እያልኩ በአንቱታ ነው የምጠራው። በእኛ አካባቢ አንጀት መታጠፍ የተለመደ ነውና ሐኪሞቹ ያንን ጠብቀው ሆዴን ከፈቱ። ያገኙት ግን ሌላ ነበር። ሌላ መሆኑን ያወቅሁት በጣም ቆይቼ ነው። ስነቃ ጋሼ ራስጌዬ ቆሟል።

"አንጀትህ ታጥፎ ነበር፤ ፈቱት። አለቀ።"

ከአንጀቴ የተቆረጠው ለምርመራ እንደተላከ ሰምቼ ነበር። ውጤቱን ሊጠይቅ የሄደው ጋሼ ነው፤ እኔ ቁስሌን እያስታመምኩ ቢቸና ነበርኩ። ሲመለስ ግንባሬን ሳመኝ። ወንድሜ ግንባሬን ከሳመኝ፣ እኔ እንጃ፣ ሚኒስትሪ ካለፍኩ ወዲህ መሆኑ ነው።

"ምን አሉ?"

"ንጹሕ ነህ አሉ።"

ይኸው ነው። ይቅርታ ጠያቂዎቹ መጉረፍ የጀመሩት በዚያው ሳምንት ነው።

ለጥቂት ወራት ደኅና ሆንኩ። ክረምቱ ሲገባ እሳቱ ተመለሰ። ወደ ሐኪም ልሂድ ስል ባለቤቴ ትርንጎ፣ ራሷን ሲያማት ሁለት ክኒን ካልዋጠች የማትተኛው ሴት፣ "ሐኪምማ አየኸው አይደል፤ ጠበል ይሻላል" አለች። ጋሼም ከሞጣ ስልክ ደውሎ ያንኑ አለኝ። የንስሐ አባታችን መጥተው ያንኑ አሉኝ። ሦስቱም በአንድ ዓይነት ቃል፣ በአንድ ዓይነት ለስላሳ ድምፅ። ጠበሉን አልነቅፍም፤ የተፈወሰበትን ሰው አውቃለሁ። እኔን ያናደደኝ ለስላሳው ድምፅ ነው።

ሄድኩ። የጠዋት ቀዝቃዛ ውኃ ትከሻዬ ላይ ሲወርድ ያ እሳት ከደረቴ ተነሳ። ሕዝቡ ፊቴን አይቶ "ያዘው! ያዘው!" ብሎ ጮኸ። አጥማቂው ደስ ብሎት ጠጋ አለ።

"ማን ነህ? ተናገር!"

"መምህር ነኝ።"

"ይዋሻል! የማን ነህ? ከየት መጣህ?"

"ከቢቸና። አማርኛ ነው የማስተምረው።"

"ድገሙት" አለ አጥማቂው፤ ሌላ ባልዲ ወረደብኝ። ከኋላ አንዲት ሴት "መንፈሱ የተማረ ነው" ስትል ሰማሁ። በሕይወቴ ከሰማኋቸው የሥነ ጽሑፍ አስተያየቶች ይህ የተሻለው ነው።

በዚያ ሰሞን አልጋዬ ላይ ሆኜ አስብ ነበር። ንጹሕ የሆነ ሰው ለምን ይመለስበታል? ትርንጎ ለምንድነው ስበላ ቆማ የምታየኝ? ፍርሃቱ ሲብስብኝ፣ ትምህርት እንደተከፈተ አንድ ማክሰኞ ትምህርት ቤት እንደምሄድ ሆኜ ከቤት ወጣሁና የባሕር ዳር አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሞጣ መናኸሪያ ስንደርስ ጋሼ እንዳያየኝ ጋቢዬን ተከናንቤ እንደ ወንበዴ አቀረቀርኩ። የአርባ ሰባት ዓመት ሰው ከወንድሙ ተደብቆ ሐኪም ቤት ሲሄድ! ሰው ለውሽምነት የሚያደርገውን እኔ ለምርመራ አደረግሁት።

የሆስፒታሉ መጠበቂያ አግዳሚ ሞልቶ ስለነበር ቆምኩ። አጠገቤ ከግንደወይን የመጣች ሴት ባሏን ጭኗ ላይ አስተኝታ ተቀምጣለች። ጠጋ ጠጋ ብላ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀችልኝ፤ ከነጠላዋ ጫፍ ሽንብራ ቆሎ ፈትታ ዘገነችልኝ። በዚያ ዓመት ከተደረጉልኝ ቸርነቶች ምንም ያልተደበቀበት ያ ብቻ ነው።

"ወንድሜ፣ ማንን ይዘህ መጣህ?" አለችኝ። ኮት ለብሼ ስለቆምኩ አስታማሚ መስያታለሁ።

አፌ ለምን እንዲያ እንዳለ አላውቅም። "ወንድሜን" አልኳት።

"እግዜር ይማርልህ። እኔ ባሌን ነው።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ጉበቱ አልቋል አሉኝ። እሱ አያውቅም።"

ቁልቁል አየሁ። ባልየው ዓይኑን ጨፍኗል። የዓይኑ ሽፋን ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ዓይን እንዲያ አይደለም።

ያን ጊዜ ገባኝ። በዚህ አገር የበሽታ ወሬ የሚነገረው ለተኛው ሳይሆን ለቆመው ነው። እውነቱን የሚፈልግ ታማሚ በሽተኛ መሆኑን መተው አለበት።

ስሜ ተጠርቶ ስገባ ያገኘሁት ሐኪም ቀዶኝ የነበረው አይደለም፤ እሱ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። ይኸኛው ወጣት ነው። ማኅደሬን ገለጥ ገለጥ አደረገና ቀና ብሎ ኮቴን አየ።

"ታማሚው የት ነው? እርስዎ ምኑ ነዎት?"

"ወንድሙ ነኝ።"

ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁ። ተነስቶ በሩን ዘጋ። "እንኳን መጡ። ለታላቅዬው ነግረን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድምፃችሁ ጠፋ።"

"ምን ነበር የነገራችሁት?"

ነገረኝ። በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ለሰውነት መልእክት የሚያመላልስ ንጥረ ነገር፣ ሆርሞን፣ የሚያመነጩ ትንንሽ ሕዋሳት አሉ፤ የወንድሜ ዕጢ የተነሳው ከእነሱ ነው። ኒውሮኢንዶክራይን ይሉታል። ካንሰር ነው፤ ግን ቀስ ብሎ የሚሄድ ዓይነት። ወደ ጉበት ሲዘልቅ የሚያመርተው ነገር ደም ውስጥ ይረጫል፤ ፊት ያቀላል፣ ሆድ ያስኬዳል።

"ወንድምዎ ፊቱ ይቀላል?"

"እንደ ድልህ" አልኩ። ይህን ስል እሳቱ ከደረቴ ተነስቶ አንገቴን አለፈ። ጉንጮቼ ሲነዱ ይታወቀኛል። ሐኪሙ አየኝ።

"ሞቆዎታል" አለና ተነስቶ መስኮቱን ከፈተልኝ።

አልሳቅሁም፤ መሳቅ ግን ነበረብኝ። ምልክቱን በቃሉ እያነበነበ ምልክቱ ከፊቱ ተቀምጦ አላየውም። ወንድም ነኝ ብያለሁና ወንድም አይታመምም።

"ያን ጊዜ ተቆርጦ ወጥቶ የለም? ታዲያ ከየት መጣ?"

ማኅደሩን አጠፈ። "ሰርዶ አርመው ያውቃሉ?"

"የጎጃም ሰው ነኝ።"

"ቅጠሉን ቢያጭዱት ያጠፉት ይመስላል። መሬት ውስጥ አንዲት ጉማጅ ሥር ከቀረች ግን ማሳውን መልሳ ትሞላዋለች። ዕጢም እንዲያ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ሕዋሳቱ ሁሉ እኩል አይደሉም። ጥቂቶቹ ግንደ ሕዋስ የሚባሉት ናቸው፤ ዝም ብለው ያደፍጣሉ፤ ቆይተው ሌላውን ሁሉ ይወልዳሉ። መድኃኒቱ የሚመታው በብዛት በፍጥነት የሚባዛውን ስለሆነ እነዚህ ያመልጡታል። በዚህኛው ዕጢ ላይ ተመራማሪዎች ገና እየፈለጉ ነው፤ የተረጋገጠ ነው ብዬ አልዋሽዎትም።"

"አልዋሽዎትም" ሲል ልስመው ቃጣኝ። ከሁለት ዓመት በላይ ያን ቃል የሚለኝ ሰው አላገኘሁም ነበር።

"አሁንስ?"

"ያን ጊዜ በምርመራ ጉበቱ ላይ የታየችው አንዲት ቦታ ናት፤ ጠርዝ ላይ። አዲስ አበባ ሄዶ ቢያስቆርጣት ጥሩ ዕድል አለው። ለታላቅ ወንድምዎም ያልነው ይህንኑ ነው። ከበዛችና ከተበታተነች ግን በቢላ አትደረስም። ጊዜ እየሄደ ነው።" ከዚያ እስከ በሩ ሸኘኝ፤ እጄንም ያዘኝ። "ለታማሚው ግን እንዳትነግሩት። ሞራሉ ይወድቃል።"

"እሺ" አልኩ። "አልነግረውም።"

ሲመሽ ሞጣ ወረድኩ። ጋሼ መጋዘኑ ደጃፍ የጤፍ ጆንያ ያስቆጥራል።

"ውይ! መቼ መጣህ? ከማን ጋር?"

"ከባሕር ዳር። ብቻዬን። ሐኪሙ ሰላም ብሎዎታል ጋሼ። ለታማሚው እንዳትነግሩት ብሎ አደራ ሰጥቶኛል።"

ሠራተኞቹን በእጁ አሰናበታቸው። ጆንያ ላይ ተቀመጠ፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ሲቀመጥ ጆንያው ተነፈሰ።

"ማን ነገረህ?"

"ለወንድሙ ነው የነገሩት። ትርንጎ ታውቅ ነበር?"

"ታውቃለች።"

"የንስሐ አባታችን?"

"የመከሩን እሳቸው ናቸው።"

"የሒሳብ መምህሩስ?"

"እሱን እኔ አልነገርኩትም። ከሰንበቴው ሰምቶ ይሆናል።"

ሰንበቴው! ጠላ ስጠጣ ሰካራም ያሉኝ ሰዎች ሳልጠጣ መሞቴን ተካፍለውታል። ከባለቤቱ በቀር አገር ያወቀው በሽታ ነበረኝ።

"አዲስ አበባ ውሰዱት ብለውዎት ነበር?"

ከጉልበቱ ላይ የጤፍ አቧራ አራገፈ።

"ጋሼ፣ ብለውዎት ነበር ወይስ አላሉዎትም?"

"ብለውኛል።"

"ታዲያ ጠበል ሰደዱኛ!"

"አባታችን የበሽታውን ስም በነገሩት በሳምንቱ አይደለም የሞተው?" አለ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ። "አንተ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበርክ፤ መጽሐፍህን ታነባለህ። እኔ ነኝ ያየሁት! ስሙን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ከዚያ ወዲህ ውኃ አልቀመሰም። እኔ ነኝ የገነዝኩት። አንተንም እንዲያ ላይህ?"

"አባታችን የሞተው ስለሰማ አይደለም። ሲሰማ መሽቶ ስለነበር ነው።"

"ቢላ ላይ ብትቀርብኝስ? ባዕድ አገር፣ ሰው በሌለበት? እኔ ጥቂት ወር በሰላም ትብላ ብዬ ነው።"

"ሰላም አልሰጠኸኝም። ጊዜዬን ነው የሰረቅከኝ።"

ታላቄን አንተ ያልኩት ያን ዕለት ነው። ሁለታችንም ሰማነው። ሊመታኝ የተነሳ መስሎኝ ነበር፤ መዳፉን ዓይኑ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። አላባበልኩትም። ማባበል የእሱ ሥራ ነበርና ያመጣብኝን አይቻለሁ።

ቢቸና ስመለስ ትርንጎ ነገሩን በስልክ ሰምታ ምጣድ የወደቀባት መስላ ጠበቀችኝ። "ካወቅህ አትበላም ብዬ ነው" አለች፤ ሌላ አልተከላከለችም። ያን ምሽት እሷ እያየችኝ በላሁ፤ ከንዴት ብዛት ጨምሪልኝ አልኩ። ለሳምንታት ግን እንደ እንግዳ ነው የኖርነው። አብሮ ያለቀሰ ይታረቃል ይላሉ፤ እነሱ ያለቀሱት ያለ እኔ ነው።

እንዲህ ስጽፍ ምስጋና ቢስ የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ይበል። አንድ ነገር ልንገርህ፣ አንተ ዘመድህን አልጋ ላይ አስተኝተህ ከሐኪም ጋር በር ዘግተህ የምትንሾካሾከው። ደግ የሆንክ ይመስልሃል። የሰውየውን ፍርሃት አላስቀረህለትም፤ ብቻውን እንዲፈራ ነው ያደረግኸው። ያ የግንደወይን ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሚስቱን ሹክሹክታ ያዳምጥ ነበር። እሷ እንዳትደነግጥ እሱ ይተኛል፤ እሱ እንዳይደነግጥ እሷ ትንሾካሾካለች። እግዜር ያሳያችሁ! አንቺ ደግሞ ታምመሽ ሁሉም ሰው ድንገት የሚለሰልስልሽ፣ ለስላሳውን አትቀበዪ። በሩን ክፈቱ በይ።

እኔ ዛሬ በሕይወት አለሁ። ጠላ አልጠጣም፤ ሐኪም በየጊዜው ያየኛል፤ ጉበቴ እስካሁን ጠርቷል። ድኛለሁ አልልም፤ ያች የሰርዶ ጉማጅ የሆነ ቦታ አድፍጣ ልትኖር ትችላለች። ሐኪሞቼም አያውቁም፤ እንደማያውቁ ይነግሩኛል፤ በዚህ ተግባብተናል። የሒሳብ መምህሩ ሳልሞትበት ስለቀረሁ ተመልሶ አኩርፎኛል። ደስ ብሎኛል።

አዲስ አበባ የወሰደኝ ጋሼ ነው። መንገዱን ሁሉ አልተነጋገርንም፤ የዓባይ በረሃን ስንወርድ ብቻ "ቀበቶህን እሰር" አለኝ። ሆስፒታል ተኛሁ። ሊቀድዱኝ ባሉበት ጠዋት ነርሷ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። በእኔ ላይ አሻግራ ወደ ጋሼ ዘረጋችው።

"አባት፣ ቀዶ ሕክምናውን ለመፍቀድ እዚህ ጋ ይፈርሙ።"

እስክሪብቶውን ተቀበላት። እጄን ዘረጋሁ። ነርሷ አየችኝና፣ "እርስዎ አይጨነቁ፤ ቤተሰብ ነው የሚፈርመው" አለች።

"የሚቀደደው ማን ነው?"

"ልማዱ ነው እንጂ..."

ጋሼ ወረቀቱን ቁልቁል እያየ ቆየ። አንድ ጊዜ እኔን አየ፤ አንድ ጊዜ በሩን። ከዚያ እስክሪብቶውን መዳፌ ላይ አኖረው። ስሜን ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ደፋር ነበርኩ የሚል ካለ እኔ አይደለሁም።

ነርሷ ወረቀቱን ልትወስድ ስትል ጋሼ ያዘባት።

"እኔስ? እኔ የምፈርምበት የለም?"

ጣቷን ከፊርማዬ ዝቅ አድርጋ አሳየችው። "ምስክር የሚለው ላይ።"

ጎንበስ ብሎ፣ ጆንያ ላይ እንደሚጽፍ ሰው በትላልቅ ፊደል፣ እየተነፈሰ ስሙን ጻፈ።